አውሮፕላናቸው በመንደር ለወደቀ ቦምብ ጣይ በራሪዎች መታሰቢያ ማቆም፦ ከስም ማጣራት እስከ ድንጋይ ተከላ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ አየር ኃይል የቦምብ ጣይ እዝ (ቦምበር ኮማንድ) 55,573 በራሪዎቹን አጥቷል። ከነዚህ ውስጥ ከ8,000 የሚበልጡት የሞቱት በልምምድ በረራና በአደጋ ነው። የጦር አየር ማረፊያ በበዛባቸው እንደ ሊንከንሻየርና ዮርክሻየር ባሉ አውራጃዎች በገብስ ማሳ ዳር ወይም በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሰባት ስም የተቀረጸበት ድንጋይ የሚታየውም ለዚህ ነው። ይህ መመሪያ በእንግሊዝ ገጠር እንዲህ ያለ መታሰቢያ ለማቆም ለተነሣ ኮሚቴ የተዘጋጀ ነው። የአሜሪካና የኔዘርላንድስ ጉዳይ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ተነሥቷል። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሐሳቡ እስከ ምረቃው ከ18 ወር እስከ 2 ዓመት ያዙ። ብዙ ኮሚቴ ሥራውን ከድንጋዩ ይጀምረዋል፤ ዋጋ ይጠይቃል፣ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ስም መፈለግ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ጠራቢው ሥራውን በጥቂት ወራት ይጨርሳል፤ ስም ማጣራት ግን ዓመት ሊወስድ ይችላል፣ የተቀረጸ ስሕተት ደግሞ በላጲስ አይጠፋም።

አውሮፕላኑን መለየት

ቁልፉ የአውሮፕላኑ መለያ ቁጥር ነው። በዘመኑ የብሪታንያ አውሮፕላኖች አንድ ፊደልና አራት አኃዝ ወይም ሁለት ፊደልና ሦስት አኃዝ ነበራቸው። በጎናቸው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የስኳድሮን (የአየር ኃይሉ የበረራ ክፍል) ፊደልና ምልክት ለመለያ አይበቃም። አንዱ አውሮፕላን ሲጠፋ ፊደሉ ለተተኪው ይሰጥ ስለነበር፣ ከፎቶግራፍ ላይ ፊደል አይቶ «ይኸው ነው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

የመንደር ሽማግሌዎች ምስክርነት ለቦታው ወርቅ ነው፤ ለዓይነቱ ግን አትመኑት። ባለ አራት ሞተር የነበረ ሁሉ በትዝታ ውስጥ «ላንካስተር» ይሆናል፤ ሲጣራ ሃሊፋክስ ወይም ስተርሊንግ ሆኖ ይገኛል። ሽማግሌዎቹን ካርታ ዘርግታችሁ ለየብቻ ጠይቋቸው። አብረው ከተቀመጡ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግመዋል።

ቀጥሎ ወደ ሰነድ ሂዱ። ለንደን ኪው ባለው የብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤር 27» የተባለው የሰነድ ምድብ የስኳድሮኖች የዕለት መዝገብ ነው፤ ማን በየትኛው አውሮፕላን፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደተነሣ ይነግራችኋል። «ኤር 28» የአየር ማረፊያዎቹ መዝገብ ነው። «ኤር 81» የሟቾችና የጠፉ ሰዎች ፋይል ሲሆን፣ የአደጋው ዝርዝርና ለቤተሰብ የተጻፉ ደብዳቤዎች የሚገኙት እዚያ ነው። ለልምምድ አደጋ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው በአየር ኃይሉ ሙዚየም የሚገኘው የአደጋ ካርድ፣ ቅጽ 1180፣ ነው፤ መንስኤውን በሁለት ሦስት መስመር ያስቀምጣል። ሊንከን ከተማ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የቦምበር ኮማንድ ማዕከል የሟቾችን መዝገብ በኢንተርኔት በነፃ ስለከፈተው፣ ኪው ከመሄዳችሁ በፊት እሱን ተመልከቱ።

በራሪው አውስትራሊያዊ ከሆነ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤ705» በሚል ምድብ የሟቾችን ፋይል ይዟል፤ ብዙው ስካን ተደርጎ ከቤት ሆኖ ይነበባል። ለካናዳውያን በጦርነቱ የሞቱት ሁሉ የአገልግሎት ፋይል በካናዳ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ። ለኒውዚላንዳውያን የኦክላንድ ሙዚየም የኢንተርኔት መዝገብን ጀምሩ። አውሮፕላኑ አሜሪካዊ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በጠላት ምድር ወይም በባሕር ለጠፋ አውሮፕላን «የጠፋ በረራ ቡድን ሪፖርት» ይጻፍ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በልምምድ ለወደቀ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው የአደጋ ሪፖርት ነውና የመጀመሪያውን ፈልጋችሁ ስታጡ «ሰነድ የለም» ብላችሁ አትተዉ።

ሦስት ወጥመዶች በየመታሰቢያው ላይ ይደጋገማሉ።

አንደኛው ቀን ነው። በማታ ተነሥቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የወደቀ አውሮፕላን ሁለት ቀን አለው። አንዱ ሰነድ የተነሣበትን፣ ሌላው የወደቀበትን ይጽፋል፤ የመቃብር መዝገቡ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ይይዛል። የመንደሩ ሰው የሚያውቀው የወደቀበትን ስለሆነ ድንጋዩ ላይ እሱን አድርጉ። ካልተረጋገጠ «በ15/16 ሌሊት» የሚለው የዘመኑ አጻጻፍ አያሳፍርም።

ሁለተኛው የሰው ብዛት ነው። ላንካስተርም ሃሊፋክስም አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሰው ይዘው ነበር የሚበሩት፦ አብራሪ፣ የበረራ መሐንዲስ፣ ናቪጌተር (መንገድ መሪ)፣ ቦምብ አነጣጣሪ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ የላይ መትረየስ ተኳሽና የኋላ መትረየስ ተኳሽ። ዌሊንግተን አምስት ወይም ስድስት፣ አሜሪካዊው ቢ-17 አሥር፣ በኋላ ዘጠኝ። ይሁንና ልምድ ለመቅሰም የተሳፈረ ስምንተኛ ሰው፣ ለሙከራ በረራ የገባ የምድር ቴክኒሺያን፣ አንዳንዴም ወጣት ካዴት ይኖራል። «ሰባት መሆን አለበት» ብሎ ስምንተኛውን ማስቀረት ለቤተሰቡ ሁለተኛ ሞት ነው።

ሦስተኛው የስም አጻጻፍ ነው። የኮመንዌልዝ የጦር መካነ መቃብር ኮሚሽንን መዝገብ መነሻ አድርጉ፤ በአዲስ አበባ ያለውን የኮመንዌልዝ ጦር መካነ መቃብር የሚንከባከበውም ይኸው ኮሚሽን ነው። ግን ብቻውን አትመኑት። ከስኳድሮኑ መዝገብና ከልደት ምስክር ወረቀት ወይም ከቤተሰብ ደብዳቤ ጋር አስተያዩት፤ ሦስቱ ካልተስማሙ ቤተሰብ የሚጽፈው ያሸንፋል። ለፖላንድና ለቼክ በራሪዎች በፊደሎቹ ላይና ሥር ያሉት ጭረቶች የስሙ አካል ስለሆኑ ጠራቢው ሊቀርጻቸው እንደሚችል ቀድማችሁ አረጋግጡ። መቃብር የሌላቸው፣ ከ20,000 የሚበልጡ የጠፉ በራሪዎች፣ እንግሊዝ ውስጥ ረኒሚድ በተባለ ቦታ ባለው የአየር ኃይሎች መታሰቢያ ላይ ተጽፈዋል፤ ከመቃብር መዝገብ ስም ስታጡ እዚያ ፈልጉ።

በመሬት ላይ የሞተ ሰው ካለ ስሙ ከበራሪዎቹ ጋር እኩል ይጻፍ። በላንካሻየር ፍሬክልተን በ23 ነሐሴ 1944 አንድ አሜሪካዊ ቢ-24 በመንደሩ ትምህርት ቤት ላይ ወድቆ 61 ሰው ሞቷል፤ 38ቱ ሕፃናት ነበሩ። እንዲህ ባለ ቦታ «ለበራሪዎቹ» ብቻ የሚል ድንጋይ አቁሞ መንደሩን ማጽናናት አይቻልም።

ቤተሰብን ማግኘት

ይህን ከገንዘብ ማሰባሰብ በፊት አድርጉት። የአካባቢው ጋዜጣ ወሬውን ካወጣው በኋላ የእኅት ልጅ ከኢንተርኔት እንዲሰማው ማድረግ ነውር ነው። የመቃብር መዝገቡ ብዙ ጊዜ የወላጆችን ስምና ከተማ ይይዛል፤ ከዚያ ተነሥታችሁ ለከተማው ጋዜጣና ለአካባቢው የታሪክ ማኅበር ጻፉ። የሁሉም ቤተሰብ አይገኝም። ስድስት ወር ፈልጉ፣ ያደረጋችሁትን መዝግቡ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በአደጋ ፋይሎች ውስጥ አስከሬን በምን ሁኔታ እንደተገኘ የሚገልጽ ገጽ ይኖራል። እሱን በኢሜይል አትላኩ። ካልተጠየቃችሁ አታንሡት፤ ከተጠየቃችሁም በድምፅ ነግራችሁ ሰነዱን ማየት ይፈልጉ እንደሆነ እነሱ ይወስኑ።

መሬትና ፈቃድ

አውሮፕላኑ የወደቀው በሰው ማሳ መካከል ነው፤ መታሰቢያው ግን እዚያ መቆም የለበትም። ትራክተር ይገጨዋል፣ መኪና ማቆሚያ የለውም፣ ክረምት ላይ ጭቃው አያስገባም፣ የገበሬው ልጅ መሬቱን ሲሸጥ ደግሞ መግቢያው ይዘጋል። የሚመረጠው በመንገድ ዳር፣ ሁለት መኪና ሊቆምበት የሚችል፣ ወደ ማሳው የሚያይ ቦታ ነው። ከድንጋዩ ላይ «ከዚህ 600 ሜትር በስተ ሰሜን ምሥራቅ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ትክክለኛውን የካርታ መጋጠሚያ በአደባባይ አታውጡ፤ ብረት ፈላጊ መሣሪያ የያዘ ሰው በማግስቱ ሌሊት እዚያ ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው አካል እንደ መሬቱ ይለያያል። የመንደሩ ምክር ቤት (ፓሪሽ ካውንስል) መሬት ከሆነ በምክር ቤቱ ስብሰባ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይግባ። የመንገድ ዳር ከሆነ የአውራጃው የመንገድ ባለሥልጣን ይጠየቃል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከሆነ የሀገረ ስብከቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የደብሩ ካህን «ግዴለም» ቢሉም አይበቃም፣ ያለ ፈቃዱ የቆመ ድንጋይ ሊነሣ ይችላል። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ የፓርኩ ባለሥልጣን የፕላን ቢሮ ነው። በማንኛውም ቦታ ለፕላን ቢሮው ልኩን የያዘ ንድፍ ልካችሁ «ፈቃድ ያስፈልገዋል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱን በፋይል አኑሩ።

የግል መሬት ከሆነ ከባለቤቱ ጋር የምትፈርሙት ወረቀት አራት ነገር ይያዝ፦ መሬቱ ቢሸጥ መታሰቢያው እንደሚቆይ፣ ሕዝብ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ማን ሣር እንደሚያጭድ፣ ጉዳት ቢደርስ ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነ። በጨዋ ቃል ብቻ የተጀመረ ነገር ባለቤቱ ሲያልፍ ይፈርሳል።

የአየር ኃይሉን ወይም የስኳድሮኑን ዓርማ ለመቅረጽ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ሥዕል ለጠራቢ አትስጡ። በዓርማው አናት ያለውን ዘውድ ተመልከቱ፦ በጦርነቱ ጊዜ የነበረው የንጉሡ ዘውድ ጉልላቱ ክብ ነው፤ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የነበረው ጫፎቹ ከፍ ብለው መካከሉ ይሰረጉዳል። የ1943 መታሰቢያ ላይ የንግሥቲቱን ዘውድ ማየት ለሚያውቅ ሰው የዓይን ጉድፍ ነው።

አትቆፍሩ

በብሪታንያ በ1986 የወጣው የወታደራዊ ቅሪቶች ጥበቃ ሕግ የወደቀ የጦር አውሮፕላንን ሁሉ ያለ ምንም ምዝገባ ይጠብቃል። ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ፈቃድ ሳያገኙ መቆፈር፣ ማንሣት፣ ማንቀሳቀስ ወንጀል ነው፤ የመሬቱ ባለቤት መፍቀዱ አያድንም። አስከሬን ወይም ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሊኖር ይችላል ተብሎ ከታሰበ ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም። ለመታሰቢያ ግን ቁፋሮ አያስፈልግም። በኔዘርላንድስ መንግሥቱ የጠፉ በራሪዎች ይገኙባቸዋል ተብለው የሚታሰቡ ስብርባሪዎችን በራሱ መርሐ ግብር ያወጣል፤ በ2020 ከማርከርሜር ሐይቅ የወጣው ስተርሊንግ ቢኬ716 አንዱ ነው። እዚያ ጥያቄያችሁን ለማዘጋጃ ቤቱ አቅርቡ።

ጽሑፉ

አጭር አድርጉት። ከስሞቹ ውጭ ከ50 ቃል አይለፍ። መያዝ ያለበት፦ የአውሮፕላኑ ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ ስኳድሮን ወይም የሥልጠና ክፍል፣ የተነሣበት አየር ማረፊያ፣ የወደቀበት ቀን፣ ስሞች። ለእያንዳንዱ ስም ማዕረግ፣ የሥራ ድርሻ፣ ዕድሜ፣ ከእንግሊዝ ውጭ ከመጣ የአገሩ አየር ኃይል። «ከሕፃናት ትምህርት ቤቱ ለማራቅ ሲል ሕይወቱን ሰጠ» የሚለው ዓይነት ዓረፍተ ነገር በየመንደሩ ይነገራል። ሰነድ ካልደገፈው ድንጋይ ላይ አይውጣ፤ ማረጋገጥ ሳይቻል የተጻፈ ጀግንነት በኋላ ሌላውን እውነት ሁሉ ያስጠረጥራል። የአደጋውን መንስኤም፣ በተለይ «የአብራሪ ስሕተት» የሚለውን የካርዱን ቃል፣ ተዉት።

የስም ቅደም ተከተል ሁለት አማራጭ አለው፦ በሥራ ድርሻ ወይም በፊደል ተራ። በማዕረግ አትደርድሩ። አብራሪው ሳጅን፣ ተኳሹ መኮንን የሆነበት ቡድን ብዙ ነው፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ አዛዡ ግን አብራሪው ነበር። ከሞት የተረፈ ካለ ከሥር «ተርፏል» ተብሎ ይጻፍ። መስቀልን በነባሪነት አታስቀምጡ፤ ቡድኖቹ ውስጥ አይሁድም እምነት የሌላቸውም ነበሩ።

አሁን ልኩን አስሉ። ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው 20 ሚሊ ሜትር የፊደል ቁመት ይበቃል፤ በመስመሮቹ መካከል 15 ሚሊ ሜትር ስጡ። ሰባት ስም በሰባት መስመር 245 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ሦስት የርዕስ መስመር በ30 ሚሊ ሜትር ፊደልና በ20 ክፍተት 150 ይሆናል። ሁለት የመዝጊያ መስመር 70። ከላይና ከታች 60፣ 60 ኅዳግ ሲጨመር ድምሩ 585 ነው፤ ሰሌዳው 600 ከፍታ ይኑረው። ስፋቱን ረጅሙ መስመር ይወስነዋል፦ 40 ፊደል ያለው መስመር፣ አንዱን ፊደል በአማካይ 11 ሚሊ ሜትር ብንይዘው፣ 440 ነው፤ ከኅዳጉ ጋር 550 በቂ ነው። ድንጋዩ መጀመሪያ ተገዝቶ ጽሑፉ በኋላ ሲጨናነቅ ፊደሉ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወርድና የሟቾቹ እኅቶችና ወንድሞች፣ ማለትም በዕድሜ የገፉት፣ ማንበብ ያቅታቸዋል።

ከመቀረጹ በፊት በሙሉ መጠኑ በወረቀት ይታተም። አንድ ሰው ከሰነዱ ፊደል በፊደል ጮክ ብሎ ይጥራ፣ ሌላው በወረቀቱ ይከተል። ሌላው ሰው በምርምሩ ያልነበረ ይሁን፤ ስሙን በቃሉ የሚያውቅ ዓይን የጎደለውን ፊደል ራሱ ይሞላዋልና። ከዚያ ቤተሰቦች ይዩት፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት።

ድንጋይ ወይስ ነሐስ

ስሌት (slate) የተባለው የድንጋይ ዓይነት ጥሩ ምርጫ ነው፦ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውኃ አያስገባም፣ ጥልቅና ጥርት ያለ ፊደል ይይዛል። ግራናይት ከሁሉ ይጠነክራል፤ ፊደሉ በአሸዋ ግፊት ይቀረጽና ቀለም ይገባበታል፣ ቀለሙ ግን ከጊዜ በኋላ መታደስ ይፈልጋል። የአካባቢው የኖራ ድንጋይ መንደሩን ይመስላል፣ ለዓይን ያምራል፤ ጥቃቅን ፊደል ግን አይይዝም፣ ዝናቡ ጠርዙን ይበላዋል። የኖራ ድንጋዩን ከወደዳችሁ ለአካሉ ተጠቀሙበትና ስሞቹን በስሌት ሰሌዳ ላይ አድርጉ።

የነሐስ ሰሌዳ ክብር አለው፤ ሌባም አለው። 600 በ550 በ8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 23 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ይህም ለቁራሌው ገንዘብ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2013ቱ ሕግ ወዲህ ቁራሌ ነጋዴዎች በጥሬ ገንዘብ መግዛት ተከልክለዋል፤ ስርቆቱ ግን አልጠፋም። ነሐስ ከመረጣችሁ ከፊት የሚታይ ብሎን አይኑረው፤ በጀርባው አራት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ወጥተውለት በድንጋዩ ውስጥ በሬዚን (በሚጠነክር ማጣበቂያ) ይጣበቁ። ከነሐስ ላይ የሚወርድ ውኃ ነጣ ባለ ድንጋይ ላይ አረንጓዴ እንባ ስለሚተው ከሥሩ ውኃ የሚያንጠባጥብ ጠርዝ ይሠራለት። ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ፈጽሞ አግድም አታስተኙት፤ ቅጠል፣ ኩስና ውኃ ይተኛበታል። ከቁመት 10 ዲግሪ ወደ ኋላ ማዘንበል ለንባብም ለውኃም ይበቃል።

መሠረቱና ተከላው

ከዚህ በታች ያለው ልክ 1.2 ሜትር ከፍታ፣ 0.7 ስፋት፣ 0.3 ውፍረት ላለው የግራናይት ድንጋይ ነው። ክብደቱ 670 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል ክብደት ስድስት ጎረምሳ ቢረባረብም በሰው ትከሻ አይተከልም፤ የጎረቤት ገበሬ ማንሻ ክንድ ያለው ማሽንና ሁለት የጨርቅ ማንጠልጠያ ያስፈልጋል። በመቃብር ቅጽር ውስጥ ከሆነ ጠራቢው የሐውልት አተካከል ደንብ የሆነውን «ቢኤስ 8415» ተከትሎ እንዲሠራ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ከመቆፈራችሁ በፊት «ላይንሰርች ቢፎር ዩ ዲግ» በተባለው አገልግሎት የመሬት ውስጥ የኤሌክትሪክ፣ የጋዝና የስልክ መስመር አጣሩ። የመንገድ ዳር ሣር ሥር ብዙ ነገር ያልፋል።

ጉድጓዱ 1.0 ሜትር በ0.6፣ ጥልቀቱ 0.6 ይሁን። ከታች 150 ሚሊ ሜትር የተፈጨ ድንጋይ፣ 170 ኪሎ ገደማ፣ በሁለት ንብርብር ጠቅጥቁ። በላዩ 450 ሚሊ ሜትር ኮንክሪት ይመጣል። የእንግሊዝ ውርጭ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች አይወርድም፤ ጥልቀቱን የምንሻው ለዚህ ነው። አፈሩ ሸክላ ከሆነና ትልቅ ዛፍ አጠገቡ ካለ ግን ቦታ ቀይሩ፤ በበጋ ሥሩ ውኃውን ሲመጥ ሸክላው ይኮማተራል፣ ድንጋዩም ያዘምማል።

ኮንክሪቱ ከብክነቱ ጋር 0.3 ሜትር ኩብ ነው፦ ሲሚንቶ 100 ኪሎ (አራት ባለ 25 ኪሎ ከረጢት)፣ አሸዋ 200 ኪሎ፣ ጠጠር 360 ኪሎ፣ ውኃ 50 ሊትር። ውኃው ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። እንዲቀልል ተብሎ የሚጨመር አንድ ባልዲ ውኃ ኮንክሪቱን ያደክመዋል፣ ሲደርቅም ያሰነጥቀዋል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ200 ሚሊ ሜትሩ የተጠላለፈ መረብ፣ ከታች 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ወይም ሌሊቱን ይወርዳል ከተባለ አትሙሉ። ከሞላችሁ በኋላ በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ድንጋዩን ቢያንስ ከ7 ቀን በኋላ ጫኑ። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ነው።

ድንጋዩን ከመሠረቱ የሚያያይዙት ሁለት የማይዝጉ ዘንጎች ናቸው፦ ባለ 16 ሚሊ ሜትር፣ 316 ደረጃ ያለው ስቴንለስ ስቲል፣ ርዝመታቸው 300። ግማሹ በድንጋዩ፣ ግማሹ በመሠረቱ ውስጥ ይገባል። ተራ ፌሮ አትጠቀሙ፤ ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳዎቹ ባለ 20 ሚሊ ሜትር፣ በመካከላቸው 350 ርቀት ይኑር። በጠራቢው ቤት ከተሠሩ በኋላ በኮምፔርሳቶ ላይ ቅያሱን ውሰዱና መሠረቱን በዚያው ቅያስ ብሱ። ከሁለት የተለያየ ልኬት የተበሳ ቀዳዳ በመትከያው ቀን አይገጥምም፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ድንጋዩን አንጠልጥሎ ይቆማል።

አቧራውን ከቀዳዳው በአየርና በብሩሽ ሦስት ጊዜ አውጡ። ሬዚን አቧራ ላይ አይያዝም፤ ተነቅሎ የወጣ ዘንግ ሲታይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። መጀመሪያ ያለ ሬዚን ገጥማችሁ ሞክሩ፣ በውኃ ልክ አይታችሁ 10 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ማስቀመጫዎችን ቦታ አስይዙ። ከዚያ አንሡት፣ ሬዚኑን ሙሉ፣ የማያያዣ ልስኑን ዘርጉ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ሬዚኑ የሚጠነክርበት ጊዜ እንደ ሙቀቱ ስለሚለያይ ከማሸጊያው ላይ ያንብቡት፤ እስኪጠነክር ማንጠልጠያው አይፈታ። ለኖራ ድንጋይ የሲሚንቶ ልስን ሳይሆን የኖራ ልስን ይሁን፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ የድንጋዩን ጠርዝ ያላሽቀዋል።

በዙሪያው 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር አልብሱ። ለጌጥ ይመስላል፤ ዋናው ጥቅሙ የሣር ማጨጃው ክር ድንጋዩን እንዳይገርፍ ማድረግ ነው።

የአውሮፕላን ክፍል መጨመር

በኔዘርላንድስ ድሮንተን ከተማ በአደባባይ የቆመው የላንካስተር ፕሮፔለር ብዙ መንደር ያስቀናል። የማያጠራጥር ሕጋዊ ምንጭ ያለው ክፍል ካገኛችሁ እንኳ ሁለት ጊዜ አስቡ። በመሬት ውስጥ የቆየ አሉሚኒየም እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላጠ ይከፈታል፤ ዝናብ ላይ ማቆሙ ያፋጥነዋል። ከብረት ብሎን ጋር በቀጥታ ከተነካካ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በመካከላቸው የናይሎን ቀለበት ይግባ። ሌሊት እንዲያበሩ የተቀቡ የመቆጣጠሪያ ሰዓቶች ራዲየም አለባቸውና በምንም መንገድ ለሕዝብ አታቅርቡ። ጥይት ካገኛችሁ አትንኩ፣ ፖሊስ ጥሩ።

ዛፍ ብዙ ጊዜ ከብረት ይሻላል። በሼፊልድ ኤንድክሊፍ ፓርክ በ22 የካቲት 1944 ለወደቀው «ሚ አሚጎ» ለተባለው ቢ-17 አሥር በራሪዎች ከድንጋዩ በተጨማሪ አሥር የባሉጥ ዛፍ ተተክሏል። ቦታ ካላችሁ አድርጉት፤ ግን ከመሠረቱ አርቁ።

የምረቃው ቀን

በሙት ዓመቱ ቀን ማድረግ ያምራል፤ ቀኑ ጥር ውስጥ ከዋለ ግን በዘጠና ዓመታቸው የሚመጡትን አስቡ። መርሐ ግብሩ ከ40 ደቂቃ አይብለጥ፦ አጭር መግቢያ፣ ስሞቹን መጥራት፣ መግለጥ፣ ጸሎት፣ የመለከት ጥሪ፣ ሁለት ደቂቃ ጸጥታ፣ የአበባ ጉንጉን። ስሞቹን ቤተሰብ ወይም የመንደሩ ልጆች ይጥሩ፤ የውጭ ስም አነባበብ ቀድሞ ይጠየቅ። ለሰንደቅ ዓላማ ያዦች ሮያል ብሪቲሽ ሊጅን የተባለውን የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ጠይቁ።

የመግለጫው ጨርቅ ላይ ትናንሽ ክብደት በማዕዘኖቹ ይሰፋ፣ ቋጠሮው አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚፈታ ይሁን፤ በዋዜማው ሞክሩት። ነፋስ ቀድሞ የገለጠው መታሰቢያ ብዙ ነው።

የላንካስተር በረራ ለማግኘት ኮኒንግስቢ ላለው የአየር ኃይሉ የመታሰቢያ በረራ ክፍል ከዓመት በፊት አመልክቱ። በዓለም ላይ የሚበሩ ላንካስተሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ እዚያ፣ ሌላው ካናዳ። ነፋስና ደመና በማለዳ ሊሰርዘው ስለሚችል በጥሪ ወረቀቱ ላይ አትጻፉት።

ከዚያ በኋላ

ኮሚቴው ሳይበተን መታሰቢያው ለመንደሩ ምክር ቤት በጽሑፍ ይተላለፍ። የ1923ቱ የጦር መታሰቢያዎች ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለእንክብካቤ ገንዘብ እንዲያወጡ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለዚህ አስቀሩ፤ አዲስ መታሰቢያ ለማቆም የሚሰጥ ሰው ቀለም ለማደስ አይሰጥም። በኢምፔሪያል የጦር ሙዚየሞች ሥር ባለው የጦር መታሰቢያዎች መዝገብም አስመዝግቡ፤ ከ90,000 በላይ መታሰቢያ ይዟል፣ ቢሰረቅ ወይም ቢጠፋ ማስረጃው እሱ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከኅዳሩ የመታሰቢያ ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ድንጋዩን በእጅ ነካ አድርጋችሁ መንቀሳቀሱን እዩ፣ የማያያዣ ልስኑን ስንጥቅ ፈልጉ፣ ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ውኃ ተጠቀሙ። የሽቦ ብሩሽ፣ አሲድ፣ በረኪናና የግፊት ውኃ ክልክል ነው። ድንጋዩ ላይ የሚያድገው ሽበት ፊደል ካልሸፈነ ተዉት፤ ሲፋቅ የሚነሣው የድንጋዩ ቆዳ ነው። ነሐስ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ሰም ይቀባ።

በምክር ቤቱ ፋይል ውስጥ የጠራቢው ንድፍ፣ ድንጋዩ የወጣበት ካባ ስም፣ የሬዚኑ ዓይነት፣ የዘንጎቹ ቦታ፣ የቀለሙ ቁጥር፣ የፈቃዶቹ ቅጂና ስሞቹ የተጣሩባቸው ሰነዶች ዝርዝር ይቀመጥ። ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ፊደል ለማቃናት የሚመጣው ሰው የሚከፍተው ይህን ፋይል ነው።